የጓሮና የማሳ ወፎች

በተበላ አካባቢ ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ ወፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ግሪሳ ነው። የግሪሳ መንጋ አዝመራ እንደሚያጠፋ አንክድም፤ ነገር ግን ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም።

የወላይታ ገበሬ በቤቱ ዙሪያ በከብት ፍግ የሚለማ፣ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ የተደባለቁበት ጓሮ አለው፤ ከዚያ ወዲያ እህል የሚዘራበት ማሳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ዋዱ ካስፋፋው ወዲህ የፋብሪካ ማዳበሪያ በይበልጥ የለመደው ማሳው ነው። ፍግ ትልና ጥንዚዛ ያፈራል፣ ዛፍም ለጎጆ ይሆናል፤ ስለዚህ ነፍሳት ለቃሚ ወፎች ጓሮውን ይወዳሉ። በማሳው ፀረ ተባይ ሲረጭ ግን ወፏ ባትመረዝ እንኳ የጫጩቶቿ ምግብ ያልቃል። እህል በል ከሚባሉት ወፎች ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት መሆኑን ልብ ይሏል።

መርዝ በተረጨበት ቦታ ተወስኖ አይቀርም። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን፣ የተመረዘውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትንም ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ በል ወፎች አካል ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል፤ ይህም የእንቁላልን ቅርፊት የሚያሳሳ ነው።

ማዳበሪያና መድኃኒት ፈጽሞ ይቅር አንልም። መሬቱ ጠባብ፣ ከብቱም ጥቂት ስለሆነ ፍጉ ለማሳው ሁሉ አይዳረስም። ተባይ ሳይታይ መርጨት ግን ገንዘብንም ወፍንም ማጥፋት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» (ቁ. 34)፣ በእርሻ መርዝ የሚጠፉት ወፎችና ነፍሳት ለግብርናው ራሱ ጠቃሚ መሆናቸውን አመልክተዋል።

መምህራን ልጆቹን ማለዳ በጓሮ፣ ቀጥሎም በማሳ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ወፍ ቢያስቆጥሯቸው፣ የወፎቹንም ስም በወላይትኛ ከአባቶች ቢያስጠይቋቸው መልካም ነው።