ለሽማግሌ የተነገረ ቃል

ገበሬ ወንድሜ፣ የጎሊና ጎርፍ በመጣ ሌሊት ቦዩን ወደ ማሽላህ መለስኸው እንበል። የጎረቤትህ ማሳ ውሃ አጣ። ነገሩ ቆቦ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ‹‹አዎን፣ የመለስሁት እኔ ነኝ፤ ካሣ እከፍላለሁ›› አልህ። ዕርቁ ግን ፈረሰ። ጎረቤትህ ይህን ቃልህን ለዳኛ ማስረጃ ቢያደርገውስ?

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237 በዕርቅ ላይ የተነገረው በምሥጢር እንዲጠበቅ ያዛል። ያለዚያማ ማን ጥፋቱን ያምናል! ደም የፈሰሰ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የራያ ዘወልድ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፤ የዐቃቤ ሕግን ክስ ግን አያስቀሩም።

አንተም ከመናገርህ በፊት ‹‹እዚህ የተባለው እዚሁ ይቅር›› በል። ባላጋራህም ሽማግሌዎቹም እሺ ይበሉ። ፊደል ቆጥረህ የለም ወይ? በወረቀት ጻፈውና ሁላችሁም ፈርሙበት።