መንደርን ማጥናት፦ ከቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ

ወደ ገጠር የሚመደብ አዲስ መምህር ብዙውን ጊዜ «እዚህ ደግሞ ምን ታሪክ አለና ነው የማስተምረው? ቅርስ ያለው ጎንደር ነው» ሲል ይሰማል። የፋሲል ግንብ ያልቆመበት ቦታ ታሪክ የሌለው ይመስለናል መሰል። እስቲ በዛሬው ጽሑፋችን አንዲት መንደር ወስደን እንመርምር። ሩቅ አንሄድም፤ ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጣና ዳር የሚያደርሰው መንገድ የሚያልቀው ጎርጎራ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመንደር ጥናት የሚጀምረው ከመሬት ነው። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ዝናቡ ሲያቆም ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ጤፉም የታወቀ ነው። ታዲያ ይኸው እህል የሚሰጥ ውሃ ወባንም ያመጣል። በ1953 በደምቢያ የገባው ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጅቷል፤ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ለመቋቋሙ አንዱ ምክንያትም እሱ ነበር። ስለዚህ የጤና ትምህርትና የጂኦግራፊ ትምህርት እዚህ አገር አንድ ደብተር ላይ ሊጻፉ ይችላሉ።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራን መቀመጫቸው አድርገው ነበር። በ1618 የዓባይን ምንጭ ያየው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 በትኩሳት ታሞ የሞተው እዚያው ጎርጎራ ነው። ከአሁኗ መንደር በስተምዕራብ በሐይቁ ዳር ያለው ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። የስፔን የመሬት ቁፋሮ ጥናት ባለሙያዎች መርምረውት ውጤቱን በ2017 በመጽሐፍ አውጥተዋል። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችማ ዝናቸው የታወቀ ስለሆነ አላበዛውም።

እኔ ይበልጥ ላተኩርበት የምፈልገው ታንኳው ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። አንድም ምስማር የለውም። ደንገል በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ግን ውሎ ሲያድር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። የመንሳፈፍን ሕግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ከየት ይገኛል?

ይህን ሥራ በተለይ የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ቅርጫትና የወፍጮ ድንጋይም ይሠራሉ። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው አግልለዋቸው ኖረዋል። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ግን ማንም በወጉ ሳይመዘግበው ጠፋና ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ግንብ ሲፈርስ እንኳ ድንጋዩ ይቀራል፣ ቋንቋ ግን ይህን ያህል ምልክት አይተውም። ክፍል ውስጥ ልጅን በአባቱ ሙያ የሚሰድብ ተማሪ ሲኖር ዝም የሚል መምህርም የዚህ ጥፋት ተካፋይ ነው እላለሁ።

ደንገሉም ራሱ እየቀነሰ ነው። የባሕሩ ዳር ይታረሳል፣ ከብት ይለቀቅበታል፤ በ2011 ደግሞ በዚሁ በደምቢያ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል እምቦጭ የተባለው አረም ታየ። አረሙ ጀልባ አያሳልፍም፣ መረብም ይይዛል።

ፈረንሳዮች በ1964 የአገራቸውን ቅርስ ከትልቁ ካቴድራል እስከ ትንሿ ማንኪያ ድረስ እንመዝግብ ብለው ተነሱ፤ መዝጋቢዎቹም ከከተማ አልፈው ትናንሽ የገጠር መንደሮችን ሳይቀር አዳረሱ። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ግን አንድ ደብተርና አርባ ተማሪ አለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ ሞፈርም ይሁን እንስራ። ስሙን፣ ከምን እንደተሠራና የሚሠራውን ሰው ሙያ ይጻፍ፣ ሥዕሉንም ይሣል። የክፍሎቹን ስም ከአያቱ ይጠይቅ፤ የሞፈርና የቀንበር ክፍሎች ስም ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል። መምህሩ አያርመው፤ አያትየው እንዳሉት ይጻፍ። ደብተሩም በዓመቱ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ እንጂ መምህሩ ሲዛወር ይዞት አይሂድ።