የጂ-6-ፒ-ዲ የደም ምርመራ፦ ውጤቱ የሚታመነው መቼ ነው?

እሸት ባቄላ ለብዙዎች ተወዳጅ ምግብ፣ ፕሪማኪን ደግሞ የወባ መድኃኒት ነው። ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም በሚያንሰው ሰው ላይ ግን ሁለቱም ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርሱ ይችላሉ። እጥረቱ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሆኖም ባልተገባ ጊዜ የተደረገ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል።

የኢንዛይሙ ሥራ

ጂ-6-ፒ-ዲ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይጠብቃል። እጥረቱ በዘር የሚወረስ ሲሆን፣ ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ በወንዶች ላይ ይበልጥ ይጎላል። እጥረቱ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ቀስቃሽ ምግብ፣ መድኃኒት ወይም ኢንፌክሽን ሲያጋጥመው ግን ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ሽንቱ ሊጠቁርና ብርቱ ድካም ሊሰማው ይችላል። ይህ ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ምርመራው ለማን ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያም የሚገኘው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ይህን የተደበቀ ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኪን ይሰጣል። ስለሆነም ሀገር ቤት ደርሶ የተመለሰና ይህ ወባ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ሊመረመር ይገባል። ብርቱ ቢጫነት የታየበት አራስ ሕፃንና በቤተሰቡ እጥረቱ ያለበት ሰውም እንዲሁ።

ዝግጅቱና ጊዜው

ለዚህ ምርመራ ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም። ይልቁንም ሦስት ነገሮችን ለሐኪምዎ ይንገሩ፦

1. ባለፉት 3 ወራት ደም ተሰጥቶዎት ከነበረ፤ የተለገሰው ደም የራስዎን እጥረት ሊሸፍን ይችላል።
2. በቅርቡ ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ወይም ሽንትዎ ጠቁሮ ከነበረ።
3. የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አንዱንም አያቋርጡ።

ሁለተኛው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ደም ሲፈርስ ቀድመው የሚጠፉት ኢንዛይማቸው የቀነሰ አሮጌ ሕዋሳት ናቸው። የሚቀሩትና አዲስ የሚፈጠሩት ወጣት ሕዋሳት ብዙ ኢንዛይም ስላላቸው፣ እጥረት ያለበት ሰው ውጤት «ደህና» መስሎ ሊታይ ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ምርመራው ከ3 ወራት ገደማ በኋላ ይደገማል።

ከውጤቱ በኋላ

የኢንዛይሙ መጠን ከመደበኛው 30 በመቶ በታች ከሆነ የተለመደው ዕለታዊ ፕሪማኪን አይሰጥም፤ ሐኪሙ ሌላ የአወሳሰድ ሥርዓት ይመርጣል። በሴቶች ላይ ውጤቱ መካከለኛ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ራሱን ይጠይቁ።

እጥረቱ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ውጤቱን በሚኖሩበት ሀገር ቋንቋ አስጽፈው ይያዙ፤ አዲስ መድኃኒት በታዘዘልዎ ቁጥርም ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ።