የሌቭል የእይታ መስመር መዛባትና የመስኖ ቦይ ተዳፋት፦ የይፋት ቆላን መነሻ ያደረገ የመስክ ማስታወሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የቀወት ወረዳ ቆላ ኑሮው ከመስኖ ጋር የተሳሰረ ነው። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማንጎውና ማሾው ከሚለማባቸው ማሳዎች ብዙዎቹ የሮቢን ወንዝና የመሰሎቹን ውሃ ይጠብቃሉ። እነዚህ ወንዞች ከምዕራቡ ገደላማ ደጋ በፍጥነት ወርደው ደለል ይዘው ሜዳው ላይ ይደርሳሉ። ከጠለፋው በኋላ ግን ውሃው በአፈር ወይም በግንብ ቦይ ውስጥ በዝግታ እንዲሄድ ይፈለጋል። ተዳፋቱ ከበዛ ቦዩ ይሸረሸራል፤ ካነሰ ደለሉ ይተኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ክልል ጠባብ በመሆኑ ቀያሹ የሚይዘው መሣሪያ ትክክለኛነት ከወረቀት ጉዳይነት ያልፋል።

በቦዩ ጭራ ያለ ገበሬ ውሃ ሲያጣ ወቀሳው በቅድሚያ የሚያርፈው በላይኞቹ ተጠቃሚዎች ወይም ተራ በሚያከፋፍለው የውሃ አባት ላይ ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው የጠለፋው ግንባታ ነው። ቅየሳው የሚመረመረው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ያውም ከተመረመረ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፦ የከፍታ ልኬቱ ዞሮ መነሻው ላይ በትክክል መዝጋቱ የሌቭሉን ጤንነት አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የቦይ ተዳፋት ከመቀየሱ በፊት መሣሪያው ራሱ በመስኩ ላይ መፈተሽ አለበት።

ሌቭል በመሠረቱ መቀመጫ ላይ የተገጠመ መነጽር ነው። ችግሩም መነጽር ከሌላ አካል ጋር በሚገጠምበት ሥራ ሁሉ የሚታየው ዓይነት ነው። አዳኞች በጠመንጃ ላይ የዒላማ መነጽር ሲያስገጥሙ መቀመጫው ከበርሜሉ ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ወይም መነጽሩን የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች በአንድ መስመር ካልዋሉ፣ ገጣሚው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በመነጽሩ የማስተካከያ ብሎን ለማካካስ ይሞክራል። ብሎኑ የመዞሪያ ልኩን ይጨርሳል፤ ወይም ለአንድ ርቀት የተስተካከለው በሌላ ርቀት ይስታል። ጥፋቱ ያለው መቀመጫው ላይ ሆኖ ሳለ የሚነካው መነጽሩ ነው። በሌቭልም ላይ ይኸው የቅደም ተከተል ስህተት ይደገማል። ልዩነቱ አዳኙ ስህተቱን ዒላማው ላይ ወዲያው ማየቱ ነው፤ ቀያሹ ግን የሚያየው ቦዩ ተቆፍሮ ውሃ ሲለቀቅበት ነው።

ስህተቱ ወደ ተዳፋት የሚለወጥበት መንገድ ቀላል ነው። የእይታ መስመሩ ከአግድም በ20 የማዕዘን ሰከንድ ወደ ላይ ቢያጋድል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት ንባቡ በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበዛል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በ1,000 ሜትር 0.5 ሜትር ብቻ እንዲወርድ የታቀደን ቦይ እንውሰድ፤ ይህ በ100 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ቀያሹ ከቦዩ ራስ ቆሞ ቁልቁል እያየ ችካል ቢያስተክል ሩቅ ያሉት ችካሎች ከሚገባው በላይ ከፍ ብለው ይተከላሉ፤ ተዳፋቱም ከ0.5 ወደ 0.4 ይወርዳል። ከታች ቆሞ ሽቅብ ቢያይ ደግሞ 0.6 ይሆናል። በማኒንግ ቀመር መሠረት የውሃው ፍጥነት ከተዳፋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ ከ0.5 ወደ 0.4 የወረደ ቦይ በተመሳሳይ የውሃ ጥልቀት የሚያስተላልፈው መጠን በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀያሹ በየ100 ሜትሩ የመጨረሻውን ችካል ለቀጣዩ መነሻ እያደረገ ቁልቁል ብቻ ካየ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ከታቀደው 50 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትሩ ይጠፋል።

«የፊትና የኋላ ንባብን ርቀት እኩል ማድረግ ስህተቱን ያጠፋዋል» የሚለው መልስ የታወቀ ነው፤ ትክክልም ነው፤ ሆኖም ለመሸጋገሪያ ነጥቦች ብቻ ነው። መሣሪያው በ100 ሜትር ቁራጭ መካከል ቆሞ 50 ሜትር ወደ ኋላ፣ 50 ሜትር ወደ ፊት ቢያነብ የሁለቱ ጫፎች የከፍታ ልዩነት ትክክል ይወጣል፤ ልኬቱም ያለ ስህተት ይዘጋል። መሣሪያው አጠገብ የሚተከለው ችካል ግን ከሚገባው በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ የላይኛው ግማሽ 0.6፣ የታችኛው ግማሽ 0.4 ተዳፋት ይይዛል። በመዝገቡ ላይ ምንም አይታይም፤ ደለሉ ግን ከእያንዳንዱ የመሣሪያ መቆሚያ በታች ያለውን ግማሽ ይመርጣል። በእርግጥ በዶማ በሚቆፈር የአፈር ቦይ 5 ሚሊ ሜትር ከቁፋሮው ሸካራነት ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ይችላል። በግንብ ወይም በኮንክሪት በሚለበጥ ቦይ ግን ስህተቱ ተለብጦ ይቀራል፤ ማዛባቱ ከ20 ሰከንድ በላይ ከሆነም የአፈሩ ቦይ ቢሆን አያመልጥም።

ፍተሻው ከመቀመጫው መጀመር አለበት። የትራይፖዱ እግሮች መጋጠሚያ ላልቶ እንደሆነ፣ የእግሮቹ ሹል ጫፎች መሬት መያዛቸው፣ መሣሪያውን ከትራይፖዱ ጋር የሚያስረው ብሎንና ሦስቱ የመሠረት ብሎኖች አለመወላለቃቸው ይታያል። ከዚያ ክቡ ውሃ ልክ ይፈተሻል፦ አረፋው መሐል ከገባ በኋላ መነጽሩ 180 ዲግሪ ይዞራል። አረፋው ከመሐል ከወጣ የመዛባቱ ግማሽ በመሠረት ብሎኖቹ፣ ቀሪው ግማሽ በራሱ በውሃ ልኩ ማስተካከያ ብሎኖች ይመለሳል። በመጨረሻ ኮምፔንሴተሩ ይሞከራል፤ ከመሠረት ብሎኖቹ አንዱ በጥቂቱ ሲዞር ወይም ትራይፖዱ ቀስ ብሎ ሲመታ መስቀለኛው መስመር ተወዛውዞ ወደ ቀድሞ ንባቡ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ጉዳዩ የጥገና ባለሙያ እንጂ የቀያሽ አይደለም። ዛይስ በ1950 ኦቶማቲክ ሌቭልን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሥራው እጅግ ፈጥኗል፤ በዚያው ልክ «መሣሪያው ራሱን ያስተካክላል» የሚል የተሳሳተ መተማመንም አብሮ መጥቷል። ኮምፔንሴተር የሚያስተካክለው የመነጽሩን ትንሽ ዘንበል ማለት ነው፤ ከቦታው የተንሸራተተን መስቀለኛ መስመር አያስተካክልም።

ይህ ሁሉ ከጸዳ በኋላ የሁለት ችካል ፍተሻ ይደረጋል። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ጠንካራ ችካሎች በ60 ሜትር ርቀት ይተከላሉ። ሌቭሉ በትክክል መካከላቸው ቆሞ በ«ሀ» ላይ 1.462፣ በ«ለ» ላይ 1.318 ሜትር ይነበባል እንበል። ርቀቱ እኩል ስለሆነ ስህተቱ ይጣፋል፤ እውነተኛው ልዩነት 0.144 ነው። ቀጥሎ ሌቭሉ በችካሎቹ መስመር ላይ ከ«ሀ» ውጭ በ3 ሜትር ይቆምና በ«ሀ» 1.527፣ በ«ለ» 1.389 ይነበባል። አሁን ልዩነቱ 0.138 ነው። የጎደለው 6 ሚሊ ሜትር የመጣው በ63 እና በ3 ሜትር መካከል ካለው የ60 ሜትር የርቀት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ መዛባቱ በሜትር 0.1 ሚሊ ሜትር፣ አቅጣጫውም ወደ ላይ ነው። የምድር ክብነት በዚህ ርቀት ላይ የሚያመጣው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በዚህ ደረጃ ሊታለፍ ይችላል።

ማስተካከያው የሚሠራው መሣሪያው ከዚያው ሳይነቀል ነው። በ«ለ» ላይ መነበብ የነበረበት 1.389 ሲቀነስ 63 ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.383 ገደማ ነው። በዓይን መመልከቻው አጠገብ ያለው መሸፈኛ ተከፍቶ የመስቀለኛው መስመር ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ ንባቡ እዚያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ፍተሻው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ብሎን ከተነካ በኋላ ያልተደገመ ፍተሻ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ቦታውና ሰዓቱም ይወስናሉ። ከከተማ የተሰጠ የካሊብሬሽን ወረቀት የሚናገረው መሣሪያው ስለተመረመረበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያው መሣሪያ በመኪና ተጭኖ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ብርድ እየተንገጫገጨ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል። ስለዚህ ፍተሻው ሸዋ ሮቢት ከደረሱ በኋላ፣ መሣሪያው ከሣጥኑ ወጥቶ ጥላ ሥር የአካባቢውን ሙቀት ከለመደ በኋላ መሆን አለበት። ረፋዱ ሳይገፋ መሥራት ይመረጣል፤ ፀሐይ ስትበረታ ከባዶው መሬት የሚነሣው የአየር መንቀጥቀጥ የስታፉን ቁጥሮች ያወዛውዛል። ከመሬት እስከ ግማሽ ሜትር ባለው ከፍታ የሚወሰድ ንባብ በተለይ አይታመንም።

አርቲኬ ጂፒኤስ ያለው ባለሙያ ይህን ሁሉ አላስፈላጊ ሊለው ይችላል። የአርቲኬ የከፍታ ልኬት በጥሩ ሁኔታ እንኳ ከ1.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሚዋልል በ100 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ለሚወርድ ቦይ ብቻውን አይበቃም። ይልቅ ከማንኛውም የሕንፃ ሥራ ቦታ የሚገኘው ባለ ውሃ ቱቦ፣ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉት፣ ለመቆጣጠሪያ ይረዳል። መነጽርም ብሎንም ስለሌለው ስህተቱ ከሌቭሉ ስህተት ጋር አይዛመድም። የአየር አረፋ እስካልገባበት ድረስ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ችካሎችን ልዩነት ለማመሳከር በቂ ነው።

የፍተሻው ንባቦች፣ ቀኑ፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥርና እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው አቅጣጫ እንደተቀየሰ በመስክ መዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሊሰፍሩና ቦዩን ለሚረከበው የተጠቃሚዎች ማኅበር ከንድፉ ጋር ሊሰጡ ይገባል። ደለሉ የሚተኛባቸው ቦታዎች ከመሣሪያው መቆሚያዎች ጋር ይገጥሙ እንደሆነ የውሃ አባቱና የወረዳው ባለሙያ አብረው ማየት የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።