ከአዘዞ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀትና የጉዞው ሰዓት አሰላል

ናሙናውን ወይም የዕቃ ሰነዱን በአይሮፕላን የሚልክ ነጋዴ የበረራን ሰዓትና የጉዞን ሰዓት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አሠሪዬ አንድ የሽምብራ ናሙና አዲስ አበባ ላለ ገዢ ዐርብ በ9 ሰዓት እንዲደርስ ፈልገው፣ «በአየር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍዬ፣ «38 ደቂቃ ነው፣ ጌታዬ» ብዬ መለስሁ። ማካፈሉ አልተሳሳተም፤ ናሙናው ግን ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ስለ ደረሰ ገዢው ከሌላ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ።

የአየር ርቀት ማለት በምድር ክብነት ላይ በሁለት ማረፊያዎች መካከል የሚሰመረው አጭሩ መስመር ነው። በዚህ አለካክ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ደግሞ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በመኪና የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ ግን 560 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያሻል። ከባሕር ዳር ጎንደርም በአየር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መኪናው ጣናን በምሥራቅ ስለሚዞር 180 ያህል ይሆናል። የእኛም እንፍራንዝ በዚሁ መንገድ ላይ ናት።

በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ኪው 400 አይሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። ነገር ግን ይህ ከፍታውን ከያዘ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። በሜዳው ላይ መንደርደሩ፣ መውጣቱ፣ ተራ መጠበቁና መውረዱ ሲታሰብ 38ቱ ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ ሲጀምር የነበረው ዲሲ 3 በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር፤ በዚያ ስሌት ይህ መስመር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እንግዲህ በአየር ላይ ያተረፍነው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጊዜያችንን የሚበላው ምድሩ ነው።

የባሕር ዳር በረራ ከጎንደሩ በ8 ደቂቃ ያህል ቢያጥርም፣ ለእንፍራንዝ ሰው የመኪናው መንገድ በአንድ ሰዓት ያህል ስለሚረዝም አዘዞ ይሻላል።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን እስከ አዘዞ 1 ሰዓት ተኩል፣ በማረፊያው 2 ሰዓት፣ ለበረራው 1 ሰዓት ከሩብ፣ ከቦሌ እስከ ገዢው ቢሮ 1 ሰዓት ከሩብ ቢያዝ፣ በጠቅላላው 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ በ9 ሰዓት መድረስ ያለበት ናሙና ከጧቱ 3 ሰዓት ከእንፍራንዝ ተነሥቶ በ6 ሰዓት ተኩል መብረር አለበት። ይህም በቲኬቱ ላይ 12:30 ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ ስድስት ቀንሶ ማንበብ አይዘንጋ። እንዲህ ያለ በረራ በዕለቱ ከሌለ በዋዜማው መላክ ነው።