ዘንጉ ለምን ጎበጠ?

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ወቅት በትርፍ ጊዜዬ የሠራኋት በሬዲዮ የምትመራ ሞዴል አውሮፕላን በአራተኛ በረራዋ ተከሰከሰች። ከቁልቁል ጉዞዋ ቀና እንድትል ሙሉ ትእዛዝ ብሰጣትም አልታዘዘችም። 2 ኪሎ ግራም የምትመዝን አውሮፕላን በሰከንድ 25 ሜትር ስትወርድ 625 ጁል ጉልበት ትይዛለች፤ የወደቀችው ሰው በሌለበት ሜዳ በመሆኑ ዕድለኛ ነበርኩ። በመጀመሪያ ሬዲዮውን ጠረጠርኩ። ከስብርባሪው መካከል ደህና የተረፈውን የጭራ ክፍል ይዤ ሰርቮውን ሳዝዝና ኤሌቬተሩን በጣቴ ስጫነው ግን 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ እንደ ቀስት ጎበጠ።

ሰርቮ ከሬዲዮ ተቀባዩ በሚደርሳት ትእዛዝ ክንዷን የምታዞር ትንሽ ሞተር ናት። ዘንጉ ይህን እንቅስቃሴ ወደ ጭራ ያደርስና በኤሌቬተሩ ላይ ከተተከለው፣ ቀንድ ከሚባለው አጭር ማንሻ ጋር ይያያዛል። ኤሌቬተር የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው የጭራ ክፍል ነው።

ሽቦ ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ሲገፋ ግን ሳይሰበር ይጎብጣል። ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1744 እንዳሳየው ዘንግ የሚጎብጥበት ኃይል ከርዝመቱ ስኩዌር ጋር በተገላቢጦሽ ይዛመዳል፤ ለክብ ዘንግ ደግሞ ከውፍረቱ አራተኛ ፓወር ጋር ያድጋል። እናስላው። ጫፎቹ እንደ ልብ የሚዞሩ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእኔ ሽቦ በ17 ኒውተን ገደማ ይጎብጣል። 3 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር የማዞር አቅም ያላት ሰርቮ ደግሞ በ1 ሴንቲ ሜትር ክንድ እስከ 29 ኒውተን ትገፋለች። ስለዚህ ሰርቮዋ ሽቦውን አጎበጠች እንጂ ኤሌቬተሩን አላንቀሳቀሰችም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሽቦው መሐል ላይ በደጋፊ ቀለበት ቢያዝ የሚጎብጥበት ኃይል አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 69 ኒውተን ይደርስ ነበር። ወፍራም ክፍት የካርቦን ቱቦም ክብደት ሳይጨምር ይህንኑ ያስገኛል። ሌላም ስሕተት ነበረብኝ፦ ቀንዱን ከኤሌቬተሩ በታች በመትከሌ "ቀና በይ" የሚለው ትእዛዝ ሽቦውን የሚገፋ ሆነ። ከላይ ቢተከል ኖሮ የሚጎትት ይሆን ነበር። ለረደር ብዙዎች ሁለት የሚጎትቱ ገመዶችን የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ገመድ ከቶ አይገፋምና።

ልልነትም ሊናቅ አይገባም። በማያያዣው ቀዳዳ ውስጥ ያለ 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀንዱ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን ኤሌቬተሩን ከ1 ዲግሪ በላይ ያወላውለዋል፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን በግማሽ ያንሳል። በከፍተኛ ፍጥነት እንዲህ ያለው ልልነት ፍላተር ለሚባለው ርግብግብታ በር ይከፍታል፤ ይህም ከአየሩ ጉልበት እየወሰደ የሚያድግ ንዝረት በመሆኑ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ኤሌቬተሩን ሊገነጥል ይችላል። እርግጥ ነው፣ ቀንድ ሲረዝም የኤሌቬተሩ የመዞር ማዕዘን ይቀንሳል፤ እኔ ግን ከሰፊ ማዕዘን ይልቅ ጥብቅ ማያያዣን እመርጣለሁ።

የናይለን ዘንግ ለአዲስ አበባ አየር አይመቸኝም። 60 ሴንቲ ሜትር ናይለን ከማለዳ ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የእንጨቱ አካል ግን እምብዛም አይረዝምም። በ15 ሚሊ ሜትር ቀንድ ላይ ይህ ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ያልታዘዘ መዞር ነው።

ከበረራ በፊት ሰርቮውን አብሩና ኤሌቬተሩን በጣታችሁ ተጭናችሁ በሁለቱም አቅጣጫ እዘዙት። ዓይናችሁ ግን ከዘንጉ አይነሣ።