ሬዲዮ እንደ ክፍል፣ አወያይ እንደ መምህር

በማስተማሪያ ዘዴ ኮርሳችን ስለ ጥያቄ አጠያየቅ በሰፊው ተምረናል። «ተማሪውን አወያዩት እንጂ ብቻችሁን አታውሩ» መባሉም ለማናችንም አዲስ አይደለም። ግን ማወያየት በተግባር ሲታይ ምን ይመስላል? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከክፍል ውጭ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ እንፈልገዋለን። የመረጥነው ምሳሌ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የሕዝብ ሬዲዮ ነው። «ለምን ያን ያህል ርቃችሁ ሄዳችሁ?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ ይህ ሬዲዮ የተወለደው ከትምህርት ቤት ስለሆነ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጡ

ነገሩ የተጀመረው በማዲሰን ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው። የፊዚክስ ክፍል መምህራንና ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ሲሞክሩት የነበረው ጣቢያ በ1922 ደብሊው ኤች ኤ የሚለውን መጠሪያ አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዩኒቨርሲቲው አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰድዶ ነበር። ይኸውም ዕውቀት በግቢው አጥር ታጥሮ መቅረት የለበትም፤ እስከ ክፍለ ግዛቱ ጠረፍ ድረስ በየቤቱ መድረስ አለበት የሚል ነው። «የዊስኮንሲን ሐሳብ» ይሉታል። ሬዲዮ ለዚህ ዓላማ ሁነኛ መሣሪያ ሆነ። ገበሬው የአየር ጠባይና የገበያ ዋጋ ይሰማበት ጀመር። በ1931 ደግሞ «የአየር ላይ ትምህርት ቤት» የተባለው ፕሮግራም ተከፈተ። አንድ መምህር ሁሉንም ክፍል አንድ ላይ በሚያስተምርባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ልጆች በሬዲዮ ዜማ ተማሩ፣ ሥዕል ሳሉ፣ ስለ ዱርና አራዊት አዳመጡ።

እንዲህ ካደጉት ልጆች አንዱ ቢል ሲመሪንግ ይባላል። የሬዲዮውን ትምህርት ያዳመጠው በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በዚያው ጣቢያ ሠራ። በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የሕዝብ ሬዲዮ ሲቋቋም የመጀመሪያው የፕሮግራም ኃላፊ ሆነ። በግንቦት 1971 የተጀመረውን «ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድ» የተባለውን የየዕለት ፕሮግራም ካቋቋሙት ሰዎችም ዋነኛው ነው። በገጠር ክፍል የተሰማ ድምፅ የት እንደሚደርስ ከዚህ እንገነዘባለን።

የውይይቱ ይዘት

በክፍለ ግዛት የሕዝብ ሬዲዮ የተለመደው የውይይት አደረጃጀት ቀላል ነው። አንድ አወያይ፣ አንድ ወይም ሁለት እንግዶች፣ ከዚያም ስልክ። ደዋዩ ወደ አየር ከመቅረቡ በፊት አንድ ሠራተኛ ከየት እንደሚደውልና ምን ሊጠይቅ እንደፈለገ ይጠይቀዋል። ዛሬ የክፍለ ግዛቱ በጀት፣ ነገ የፖም ዛፍ በሽታ፣ ከነገ ወዲያ የአንድ ማኅበረሰብ ባህል ይነሳል። በዊስኮንሲን የኦጂብዌ፣ የሜኖሚኒና የሆቸንክ ነባር ሕዝቦች አሉ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ ከላኦስ በስደት የመጡ ሞንግ የሚባሉ ሕዝቦችም ይኖራሉ። ስለዚህ ባህል ለጌጥ ያህል የሚነሳ ርዕስ አይደለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ

በ2011 አገረ ገዥው ስኮት ዎከር የበጀት ጉድለት ለመሙላት ነው ብለው አንድ ሕግ አቀረቡ። ሕጉ መምህራንን ጨምሮ የአብዛኛውን የመንግሥት ሠራተኛ የማኅበር ድርድር መብት የሚያጠብ ነበር። ሠራተኛው ለጡረታና ለሕክምና መድን የሚያዋጣውንም ከፍ አደረገ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ማዲሰን ላይ ተቃውሞ ወጡ። ብዙ መምህራን ከሥራ ስለቀሩ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለቀናት ተዘጉ። አሥራ አራት ሴናተሮች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ብለው ወደ ኢሊኖይ ተሻገሩ። ሕጉ ግን ጸደቀ። በ2012 አገረ ገዥውን ከሥልጣን ለማውረድ በተደረገው ምርጫም ዎከር አሸነፉ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን አወያይ እኛ ብንሆን ኖሮ ምን እንጠይቅ ነበር? «ሕጉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብንል ሁለቱም ወገን የለመደውን ይደግማል፤ አድማጩም ምንም ሳይጨብጥ ይቀራል። ሕጉን ለደገፈው እንደራሴ፣ «ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ስንት ይቀነሳል? ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞችስ ለምን ከሕጉ ውጭ ሆኑ?» ብንለውስ? ለማኅበሩ ተወካይ ደግሞ፣ «ጉድለቱ በናንተ ሐሳብ ከየት ይሞላ?» እንላለን። ሁለቱም ጥያቄዎች ይከብዳሉ፤ አንዱን ወገን ብቻ የሚያስጨንቁ ግን አይደሉም። ማመዛዘን ማለት ይህ ነው።

ለመምህሩ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ሀ/ ጥያቄ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ።

ለ/ ከጠየቅን በኋላ እንጠብቅ። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ያስፈራል፤ ክፍል ውስጥም እንዲሁ። ብዙዎቻችን ገና ተማሪው ሳያስብ መልሱን ራሳችን እንሰጣለን፤ አይደል?

ሐ/ ያልተመለሰ ጥያቄ በትሕትና ይደገም። «ጥሩ ብለዋል፤ የጠየቅሁዎት ግን ስለ ገንዘቡ ነበር» ማለት ነውር አይደለም።

መ/ ያልተናገረው ማን እንደሆነ እንወቅ። ጎበዝ አወያይ ከከተማ ብቻ ሲደወልለት ከገጠሩ ወገን ሰው ይፈልጋል። ጎበዝ መምህርም ዓይኑ ከፊት ወንበር አልፎ እስከ ኋላ ይሄዳል።

የተጋረጠው ችግር

የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ገቢ ከአድማጮች መዋጮ፣ ከድርጅቶች ድጋፍ፣ እንደየጣቢያው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት ይገኝ ነበር። የፌዴራሉን ድጎማ ያከፋፍል የነበረው በ1967 በወጣው ሕግ የተቋቋመው ኮርፖሬሽን ነው። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ለኮርፖሬሽኑ ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። በቀጣዩ ወር ኮርፖሬሽኑ ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የድጎማው ተቃዋሚዎች ጣቢያዎቹ ወደ አንድ ወገን ያደላሉ፣ መንግሥትም ለመገናኛ ብዙኃን መክፈል የለበትም ይላሉ። ክርክሩ ክርክር ነው። ጉዳቱ የሚብሰው ግን መዋጮ የሚያደርግ ሰው በበዛበት ከተማ ሳይሆን ትንሿ የገጠር ጣቢያ ላይ ነው። ያች ጣቢያ ስትዘጋ ገበሬው ከዋና ከተማ ዜና አያጣም። የሚያጣው የራሱን እንደራሴ በስም ጠርቶ የሚጠይቅበትን መድረክ ነው።

መልመጃ

በአገራችንም ብዙዎቻችን ክፍል ውስጥ የሬዲዮ ትምህርት እየሰማን አድገናል። ሬዲዮው ሲያበቃ ግን ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉን የሚያወያየው መምህሩ ነበር። ስለዚህ ዕጩ መምህራን በቡድን ሆነን አንድ የአካባቢ ጉዳይ እንምረጥ፤ የቧንቧ ውኃ፣ የገበያ ዋጋ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ሊሆን ይችላል። አንዱ አወያይ፣ ሁለቱ የተለያየ አቋም ያላቸው እንግዶች፣ ሦስቱ ደዋዮች ሆነው 15 ደቂቃ ይወያዩ። አንድ ታዛቢ ደግሞ አወያዩ ስንት ደቂቃ እንደተናገረና ስንት ጥያቄ ሳይመለስ እንደቀረ ይመዝግብ። አወያዩ ከእንግዶቹ በላይ ተናግሮ ከተገኘ ልምምዱ ከመጀመሪያው ይደገም። መምህራኖቻችንም እንደ ደዋይ ገብተው ቢጠይቁን ደስ ይለናል፤ ጥያቄያቸው ግን አጭር ይሁን።